ከመቅደላ ተወስዶ አገሩን የፈለገው ልጅ
የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ለእኛ የተዉት አደራ



በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የማኅበራችን መሥራቾች ስም፣ የሠሩት ሥራና የደከሙት ድካም በየገጹ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይህ ጽሑፍ ግን ማኅበራችን ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ነው። እኒህ ሰው የማኅበራችን አባል ሊሆኑ አይችሉም ነበር። ሆኖም በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ በስብሰባችን ላይ ለሚነሣ አንድ ጥያቄ ከእርሳቸው ሕይወት የተሻለ መልስ አላገኘንም።

ጥያቄው ይህ ነው። አሳዳጊ ለሌላቸው ወይም ወላጆቻቸው አቅም ላነሳቸው የወገን ልጆች የትምህርት ክፍያ፣ ደብተርና መጽሐፍ እንዲሸፈን መዋጮ ሲጠየቅ፣ ከመካከላችን አንዳንዱ በቅንነት ይህች ትንሽ ገንዘብ ምን ትለውጣለች ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጅቡቲ የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን በሰው አገር ለፍተን የምናድር ነን። አንዱ ወደብ ላይ፣ ሌላው በከባድ መኪና፣ ሌላዋ በሰው ቤት ትሠራለች። ከላባችን ላይ የምናነሣው እያንዳንዱ ፍራንክ ስለሚያመን ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት እንስማ።

ከጎንደር ወደ መቅደላ

ወርቅነህ የተወለዱት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ገደማ ጎንደር ከተማ ነው። አባታቸው እሸቴ ይባላሉ። ጊዜው ለጎንደር ሰው የመከራ ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተከማችተው የነበሩት የብራና መጻሕፍት ተጭነው ሄዱ፤ በመጨረሻም መቅደላ አምባ ላይ ተሰበሰቡ። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ በሚሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ለማቋቋም ያስቡ ነበርና። ከጎንደር ወደ መቅደላ የተወሰደው መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። የትንሹ የወርቅነህ ቤተ ሰብ ከእነዚያ መካከል አንዱ ነው።

በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር፣ ብዙው ክፍሉ ከህንድ የመጣ ወታደር ሆኖ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወርዶ በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መቅደላ ደረሰ። አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተያዘ፣ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በዚያ ግርግር ብዙ ሺህ ሕዝብ ከአምባው ወርዶ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሕፃን ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ።

የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ከመቅደላ የተገኘውን ዕቃ 15 ዝሆኖችና 200 የሚሆኑ በቅሎዎች ጭነውት ነበር። በደላንታ ሜዳም ብዙው በጨረታ ተሸጠ። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። መጻሕፍቱ እንዲህ ሲጓዙ ሕፃኑም ከዚያው ጦር ጋር ተጓዘ። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ልጁ ግን ተመለሰ። እንዴት እንደ ተመለሰ ነው የምንነግራችሁ።

የጀመረውና የቀጠለው

ብቻውን የቀረውን ሕፃን አንሥቶ የወሰደው ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል በህንድ ጦር ውስጥ የሚያገለግል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ልጁን ወደ ህንድ ወስዶ በፑንጃብ አውራጃ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲያድግ አደረገ። እዚህ ላይ ነገሩን በሚዛኑ ማየት ያስፈልጋል። ልጁን ካለ ወላጅ ያስቀረው ጦርነት ያ መኮንን የተሰለፈበት ጦርነት ነው። ቢሆንም መኮንኑ መንገድ ላይ የወደቀ ሕፃን አይቶ አላለፈም። ሁለቱም እውነት ነውና ሁለቱንም መናገር ይገባል።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ኮሎኔል ቻምበርሌን ሞተ። ልጁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አልባ ሆነ ማለት ነው። አገሩ ከባሕር ማዶ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ በአካባቢው የለም፤ የትምህርት ክፍያውን የሚከፍል ሰው መቃብር ወርዷል። የብዙ ልጆች ታሪክ የሚያበቃው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው። የጀመረላቸው ሰው ይሞታል፣ ወይም ይሰደዳል፣ ወይም ሥራው ይከፋበታል፤ ልጁም ከትምህርት ገበታው ተነሥቶ ወደ ገበያ ይወርዳል።

የወርቅነህ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የሟቹን ኃላፊነት ተቀበለና የልጁን የትምህርት ወጪ መክፈሉን ቀጠለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ቻርልስ የመጀመሪያው አሳዳጊ ስም ሲሆን ማርቲን ደግሞ የሁለተኛው ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ የሁለት ሰዎችን ሥራ የያዘ ነበር፤ የጀመረውንና የቀጠለውን። አንደኛው ባይጀምር ልጁ መቅደላ ሥር በቀረ ነበር። ሁለተኛው ባይቀጥል ደግሞ የመጀመሪያው ልፋት ውኃ በበላው ነበር።

ልጁ አላሳፈራቸውም። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ተመረቀ። በሕክምና ሥራ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አሻሻለና ሙሉ ሐኪም ሆነ። ከዚያም የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ በርማ ተመደበ። ከኢትዮጵያውያን መካከል በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥኖ ሐኪም በመሆን የመጀመሪያው እርሱ ነው።

የልዑል ዓለማየሁ ዕጣ

ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ወርቅነህ ብቻ አልነበረም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከዚያው ጦር ጋር ሄዷል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ዐረፉ። ዓለማየሁ የንጉሥ ልጅ በመሆኑ በእንግሊዝ አገር የንግሥት ቪክቶሪያ ዐይን ነበረበት፤ በታወቁ ትምህርት ቤቶችም ገብቷል። መጀመሪያ አደራውን የተቀበለው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ልጁም ወድዶት ነበር። በኋላ ግን ከእርሱ ተለይቶ ለሌሎች ተሰጠ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተዘዋወረ። ትምህርቱ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ ታሞ በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ።

ሁለቱን ልጆች ማነጻጸር ልብ ይነካል። አንደኛው የንጉሥ ልጅ ነው፤ ሌላኛው ማን መሆኑን እንኳ የሚያውቅለት የለም። ለንጉሡ ልጅ ገንዘብ አላነሰውም። ያነሰው የእኔ ነው ብሎ እስከ መጨረሻ የሚቆምለት ሰው ነው። ከዚህ የምንማረው የትምህርት ቤቱ ታላቅነትና የገንዘቡ ብዛት ብቻውን ልጅ እንደማያሳድግ ነው። ልጅ ክፍያ የሚከፍልለት ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀው፣ የሚቆጣው፣ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ይፈልጋል።

ሐኪሙ አገሩን ፈለገ

ዶክተር ማርቲን በርማ ውስጥ ጥሩ ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሰው ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ኢትዮጵያ ዐድዋ ላይ የጣልያንን ጦር ድል ነሥታ ወሬው በዓለም ሲሰማ፣ የሐኪሙ ልብ ወደ አገሩ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ የጅቡቲ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ እንኳ አልደረሰም ነበር፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሸዋ ለመድረስ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት መጓዝ የግድ ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ደረሰ ድንኳን ተክሎ በሽተኛ ማከም ጀመረ። ጥቁር ሐኪም፣ መልኩ የወገን፣ አፉ ግን የፈረንጅ፤ ነገሩ ለከተማው ሰው እንግዳ ነበር። አማርኛ ስለማያውቅ ከገዛ ወገኑ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። ወሬው ሲዛመት ልጃቸው መቅደላ ላይ የጠፋባቸው ቤተ ሰቦች ሰሙ። አያቱ መጥተው በልጅነቱ በሰውነቱ ላይ የነበረውን የጠባሳ ምልክት ተናገሩ፤ ምልክቱም እንዳሉት ተገኘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠፍቶ የነበረው ልጅ በዚህ ዓይነት ለቤተ ሰቡ ተመለሰ። የልጅነት ስሙም ወርቅነህ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቀ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተነዋል፤ በሰማነው ቁጥርም እንደነቃለን። በሰው አገር ልጅ ለምናሳድግ ሰዎች ግን ሌላ ትርጉምም አለው። ሐኪም ወርቅነህን ያሳደጓቸው ሰዎች ፊደል፣ ሙያና እንጀራ ሰጥተዋቸዋል። ቋንቋቸውን ግን ሊሰጧቸው አልቻሉም፤ የላቸውምና። አያታቸው ሲያቅፏቸው ምን እንዳሏቸው ለመስማት አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ፈረንሳይኛና ዐረብኛ አቀላጥፈው ሲናገሩ ደስ ይለናል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ክረምት አገር ቤት ሄደው ከአያታቸው ጋር ሲቀመጡ አስተርጓሚ የሚሹ ልጆች በመካከላችን እየበዙ ነው። ሐኪም ወርቅነህን ለዚህ ያበቃቸው ጦርነት ነው። እኛ ምን እንመልሳለን?

የጠፋውን መመለስ

ሐኪም ወርቅነህ በዚያ ጉዞ ለሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሁለተኛ መጡና እስከ 1913 ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ አፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች መካከል ነበሩ። ትዳር የመሠረቱትም በዚሁ ዘመን ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ይባላሉ። እንደገና ወደ በርማ ሄደው አገልግሎታቸውን ፈጽመው ጡረታ ሲወጡ ግን ህንድም ሆነ እንግሊዝ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1919 ጓዛቸውን ጠቅልለው ኢትዮጵያ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሌላው ሰው የሚያርፍበት ጊዜ ለእርሳቸው የሥራ መጀመሪያ ሆነ።

ካደጉ በኋላ የተማሩት አማርኛም መና አልቀረም። በ1920 ዓ.ም. ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው መጽሐፍ አሳተሙ። ሕፃን ሆነው አገራቸውን ሳያውቁ ባሕር የተሻገሩ፣ ህንድን፣ በርማንና አውሮፓን በእግራቸው የረገጡ ሰው ለኢትዮጵያ ተማሪ ዓለምን በገዛ ቋንቋው አስተዋወቁት። በዚያ ዘመን በአማርኛ የተጻፈ ዘመናዊ የመማሪያ መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር ነበርና ለተማሪውም ለመምህሩም ትልቅ ስጦታ ነው።

ካለ ወላጅ ለቀሩ ልጆች

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን የሐኪም ወርቅነህን ዕውቀት በብዙ ሥራ ተጠቅመውበታል። በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ታስቦ ስለነበረው ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል፤ በዚያውም ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው አገሪቱን እንዲረዱ ጋብዘዋል። ይህ ሁሉ ሲነገር የሚኖር ሥራ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሁለት ትምህርት ቤቶች ይበልጣሉ።

የመጀመሪያው ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጅ ነፃ ያወጣል፤ እንጀራ ግን አያበላም። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ተነጥቀው የተሸጡ ልጆች ነፃ ናችሁ ሲባሉ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም፣ የትውልድ መንደራቸውን የማያውቁ አሉ፣ ሙያ የላቸውም። እነዚህን ልጆች ሰብስቦ ፊደልና የእጅ ሥራ ለማስተማር ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊነቱን የተቀበሉት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። ከወላጁ የተነጠለ፣ አገሩንና ስሙን የዘነጋ፣ ያለ ሰው እርዳታ የትም ሊደርስ የማይችል ልጅ ማለት ምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከእኒህ ሽማግሌ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የቻምበርሌንንና የማርቲንን ብድር ለእነርሱ ሊመልሱ አይችሉም፤ ሁለቱም ባለጠጋ አገር ያላቸው መኮንኖች ነበሩ። ብድሩን የመለሱት ከእነርሱ በኋላ ለመጡ፣ ሊከፍሏቸው ለማይችሉ ልጆች ነው። መልካም ሥራ የሚመለሰው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው።

ሁለተኛው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ራስ ተፈሪ በግል ገንዘባቸው ያሠሩት ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ነበር፤ ለአገሪቱ ስፋት ግን አንድ ትምህርት ቤት ምን ይበቃል? በአዲሱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሌላም ዘመናዊ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከዚያ ግቢ የወጡ ልጆች በኋላ በሚኒስትርነት፣ በመምህርነት፣ በመሐንዲስነት፣ በመኮንንነት አገራቸውን አገልግለዋል።

እዚህም ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። እርሳቸውን ያስተማሯቸው ሁለት ግለሰቦች ነበሩ፤ ሁለተኛው ባይገኝ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ትምህርት ቤት ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይወሰንም። መሥራቹ ቢሞት፣ መምህሩ ቢለወጥ፣ መንግሥት ቢቀያየር እንኳ ግቢው ይቆያል፣ ልጆችም ይገባሉ።

ጨርጨር

በ1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሁሉ ጭሮን ያውቃታል። በዚያን ጊዜ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነበር። ያን አውራጃ ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ተብሎ ነው የተሰጣቸው። የግብሩን ሥርዓት አስተካከሉ፣ ገበሬው ላይ ይጫን የነበረውን ተጨማሪ ሸክም ቀነሱ፣ ሹማምንት ከሕዝብ እንዲበሉ ሳይሆን ደመወዝ እንዲኖራቸው ደከሙ። ሥራውንም የሠሩት ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችን አጠገባቸው አድርገው ነው። ብዙ ወጣት ተምሮ ሥራ ሲያጣ ወይም ከታላላቆቹ ጋር ሳይግባባ ሲቀር ተስፋ ይቆርጣል። ሐኪሙ ግን ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተማረው ልጅ በሽማግሌ ሰው ጥላ ሥር ሥራ እየለመደ መብሰል እንዳለበት ያውቁ ነበር። ዛሬ ወጣቶቻችንን የሚያማክር ታላቅ ያስፈልጋል የምንለው ይህንኑ ነው።

የመከራው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1935 ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሽማግሌ የልጅነት አሳዳጊዎቻቸው አገር ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ጮኹ፣ እርዳታ ለመኑ፣ ለጋዜጦች ጻፉ። ሆኖም መንግሥታቱ አልሰሙም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሐኪሙም በሕይወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ አገር አልባ ሆኑ።

የከፋው ሐዘን ገና ነበር። ቢንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ሁለት ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር በምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ጠላት ሲገባ ከተማሩት ወጣቶች ጋር ተሰልፈው በአርበኝነት ተዋጉ፤ በመጨረሻም በጣልያኖች እጅ ወደቁ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቱ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ሲፈጅ ሁለቱም ተገደሉ።

የተማረን ወጣት ለይቶ መግደል ምን ማለት እንደ ሆነ ጠላት አሳምሮ ያውቅ ነበር። አንድ ወጣት አስተምሮ ለማብቃት ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ ለማጥፋት ግን አንድ ቀን ይበቃል። ከዚያ ጭፍጨፋ በኋላ ኢትዮጵያ ነፃነቷን ስታገኝ መሥሪያ ቤቶቿን የሚሞላ የተማረ ሰው ማጣቷን የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በእርጅናቸው ዘመን ከልጆቻቸው ሁለቱ የሌሉባትን አገር ነው ያገኙት።  በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ዐረፉ። በሦስት ዓመታቸው የተነጠቋት አገር በመጨረሻ ዐፈሯን አለበሰቻቸው።

ለእኛ የቀረው አደራ

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ትንሿ መዋጮ ምን ትለውጣለች? የአንድ ወላጅ አልባ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ሐኪም፣ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ከባርነት ለወጡ ልጆች መጠለያ፣ አንድ የአውራጃ አስተዳደርና ለአገሩ የሞቱ ሁለት ወጣቶችን አስገኝታለች። ስትከፈል ግን ማንም ይህን አላወቀም። ክፍያውን የከፈለው ሰው የከፈለው የአንድ ልጅ የወር ወጪ ብቻ መስሎት ነበር።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር እንዲያስብ እንለምናለን።

አንደኛ፣ የጀመርንለትን ልጅ እናስጨርሰው። በዚህ ከተማ ማንኛችንም ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም። አንዱ አገር ቤት ይገባል፣ ሌላው ባሕር ይሻገራል፣ ሌላው ያርፋል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቻምበርሌን ሲሞት ማርቲን የተተካው በአጋጣሚ ነው። እኛ ግን አጋጣሚ መጠበቅ የለብንም፤ አንዱ አባል ሲሄድ ሌላው ልጁን እንዲረከብ ስማችንን ጽፈን መያዝ እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንዲሉ።

ሁለተኛ፣ ከክፍያው ጋር ሰው እንስጣቸው። ልዑል ዓለማየሁን ያጠፋው የገንዘብ እጦት አይደለም። ዐርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የአንድን ልጅ ደብተር ማየት፣ ስለ ፈተናው መጠየቅ፣ ሙያ ያለው ሰው ሥራ ቦታው ወስዶ ማሳየት ገንዘብ አይጠይቅም። ዌልደሩም፣ ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም የሚያካፍሉት አላቸው።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ መጻሕፍት መደርደሪያችንን እንሙላ። መቅደላ ላይ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ዛሬ በሩቅ አገር መስታወት ውስጥ ናቸው፤ የእኛ ልጆች ሊዳስሷቸው አይችሉም። ሊዳስሷቸው የሚችሉትን ግን እኛ ማምጣት እንችላለን። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ደርሶ የሚመለስ አባል ሁሉ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ የልጆች መጽሐፍ ሻንጣው ውስጥ ቢጨምር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የንባብ ክፍላችን መልኩ ይለወጣል። ልጆቻችን አያታቸው የሚሏቸውን ያለ አስተርጓሚ እንዲሰሙ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል።

የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህን ነፍስ ይማር። ለማኅበራችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ይህን መጽሔት የሚያዘጋጁት ዛሬ ደብተር የምንገዛላቸው ልጆች እንዲሆኑ የሁላችንም ምኞት ነው።

ቸር ይግጠመን።